ለባይደን የተላከው ድምፅ ሪችመንድ ቀረ

ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ዝምድና የለንም፤ ግን በዲቪ እዚህ አገር ስገባ ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው፣ የመጀመሪያ ሥራዬንም ያገኙልኝ እሳቸው፣ ዜግነት ስወስድም "በል አሁን ለምርጫ ተመዝገብ፣ ይሄ አገር ላልጮኸ ጆሮ የለውም" ያሉኝ እሳቸው። በ2021 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ስካይላይን አካባቢ ከሌሎች ሰዎች ጋር ቡና እየጠጣን ለቨርጂኒያ ገቨርነር ማንን እንደምመርጥ ጠየቁኝ፣ እኔም እንደ ድሮው ዲሞክራቱን፣ ቴሪ ማኮሊፍን ነው አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና "ልጄ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አሉኝ።

የዲሞክራቶች ምልክት አህያ ስለሆነ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ሰው በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እህታቸው ኮምቦልቻ ናቸው። ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ እየተጠጋ ነበር፣ ይደውላሉ ይደውላሉ ስልኩ አይሰራም፣ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። እኔ የምደግፈው ፓርቲ ፕሬዚደንት ደግሞ በዚያ ሰሞን ለአዲስ አበባ የሚልከው ማስጠንቀቂያና ማዕቀብ ብቻ ነው የሚመስለው። ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስንት ምርጫ አለፈ፣ ስንት ነገር ተገለባበጠ፣ ግን ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ባሰብኩ ቁጥር የምመለሰው እዚያው የጋሼ ንግግር ላይ ነው። ሰውዬው ስህተት ናቸው ብዬ ልተወው አልችልም፣ ልክ ናቸው ብዬም ልቀበል አልቻልኩም። ይሄን የምጽፈው በ2025ቱ የኖቬምበር ምርጫ ማግስት ነው፣ ቨርጂኒያ እንደገና ገቨርነር ቀይራለች፣ ሰው ደስ ብሎታል እኔም ደስ ብሎኛል፣ ግን ያቺ ጥያቄ አሁንም አልለቀቀችኝም።

ቁጣው ከየት መጣ

የጦርነቱን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ኦክቶበር 23፣ 2020 ትራምፕ ከኔታንያሁና ከሱዳኑ ሐምዶክ ጋር በስልክ እያወራ ጋዜጠኞች ፊት ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ብሎ ተናገረ። ከዚያ በፊትም በግድቡ ሰበብ የተወሰነ እርዳታ ታግዶ ነበር። ያኔ እኔ በማውቃቸው ሰዎች መሃል ከባይደን ውጪ የሚያስብ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፣ ባይደንም ገብቶ በፌብሩዋሪ 2021 ያንን እገዳ ከግድቡ ጉዳይ ለየው። ደስ አለን። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፣ ጦርነቱ ሁሉንም በላው፣ ሴፕቴምበር 17 ላይ ባይደን የማዕቀብ ትዕዛዝ ፈረመ፣ ከዚያ በኋላ በየፌስቡኩ በየቴሌግራሙ "ዲሞክራቶችን በቨርጂኒያ እንቅጣቸው" የሚለው ዘመቻ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ያለ እሷ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። እናቷ አድዋ ናቸው። ከጁን 2021 መጨረሻ ጀምሮ ትግራይ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር የእናቷን ድምፅ ከሰማች ወራት አልፏታል፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ምግቧን ከፍታ ሳትነካው ትከድነዋለች። ለእሷ ባይደን ዘገየ እንጂ አልበዛም። እሷም ዜጋ ናት፣ እሷም ቨርጂኒያ ውስጥ ነው የምትኖረው። ጋሼ ባይደንን ለመቅጣት ሪፐብሊካን ሊመርጡ ነው፣ እሷ ባይደን እንዲገፋበት ዲሞክራት ልትመርጥ ነው፣ ሁለቱም ለሚወዱት ሰው ነው የሚያደርጉት፣ ሁለቱም የስልክ ድምፅ እየጠበቁ ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የማን ሐዘን ይበልጣል የሚለውን ሚዛን እኔ አልይዝም፣ የያዙት ሰዎች የት እንዳደረሱን አይተናል።

እና እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ያንን ሁሉ ሸክም የሚጭኑት በቨርጂኒያ የገቨርነር ምርጫ ላይ ነው።

ያ ማክሰኞ

ኖቬምበር 2፣ 2021 ማክሰኞ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ወደ ምርጫ ጣቢያው ስደርስ መሽቷል፣ በሩ የሚዘጋው አንድ ሰዓት ማታ ስለሆነ ቸኩያለሁ። ጣቢያው የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው፣ የልጆች ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ሰልፉ ረጅም አልነበረም። ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። ኢትዮጵያ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጃለች። ትንሽ ዝቅ ስል ደግሞ ሌላ ዜና፦ ባይደን ለኮንግረስ ደብዳቤ ጽፎ ኢትዮጵያን ከጊኒና ከማሊ ጋር ከአጎዋ፣ ከዚያ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ እንደሚያስወጣ አሳውቋል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ያውም በምርጫው ቀን። የአገሬ ሰው የከተማውን መንገድ ለመጠበቅ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ እየተነገረው ባለበት ሰዓት የኔ ፕሬዚደንት የንግድ በር እየዘጋ ነው።

ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ መሙያው ጠረጴዛ ሄድኩ። ለማያውቅ ሰው፣ እኛ ጋ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው፣ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ሞላላ ክብ በእስክሪብቶ ታጠቁራለህ፣ ከዚያ ስካነሩ ውስጥ ትከታለህ። ለገቨርነር ማኮሊፍና ግሌን ያንግኪን፣ አንዲት የሦስተኛ ፓርቲ ተወዳዳሪም ነበረች። ለምክትል ገቨርነር ሃላ አያላና ዊንሰም ሲርስ። ለአቃቤ ሕግ ማርክ ሄሪንግና ጄሰን ሚያሬስ። ከዚያ የወረዳችን ተወካይ። አለቀ።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት በጣም ነው የተናደድኩት። እጄ ወደ ሌላኛው ክብ መሄድ ፈልጓል። የጋሼ ነገር ገባኝ፣ በጭንቅላት ሳይሆን በአንጀት ገባኝ፤ ሰው ሩቅ ያለ ወገኑ ሲነድ እያየ በእጁ ያለው አንድ እስክሪብቶ ብቻ ከሆነ በሷ መምታት ይፈልጋል፣ ይሄ ሞኝነት አይደለም። ግን ወረቀቱን ደግሜ ከላይ እስከታች አየሁት። የባይደን ስም የለም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የብሊንከን ስም የለም። ስለ ኢትዮጵያ፣ ስለ ማዕቀብ፣ ስለ አጎዋ የሚል አንድ መስመር የለም። ያለው የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ሄዶ አራት ዓመት የሚቀመጥ ሰው ነው። የማጠቁራት ክብ ባይደን ጋ አትደርስም፣ ብትደርስም ከስንት ምክንያት ጋር ተቀላቅላ ማን እንደላካት፣ ለምን እንደላካት ሳይታወቅ ነው የምትደርሰው። ሪችመንድ ግን በርግጠኝነት ትደርሳለች፣ እዚያ ትቀመጣለች፣ እዚያ ሥራ ትሠራለች።

እና ያኔ ያሰብኩት ስለ አንድ ታክሲ ነጂ ነው። ስኳር አለበት። ለዓመታት ኢንሹራንስ ስላልነበረው መድኃኒቱን እየቆጠበ፣ አንዳንዴ እየዘለለ ነበር የሚወስደው፣ ማታ ማታ ሲነዳ ዓይኑ ብዥ ይልበት ነበር። ቨርጂኒያ ሜዲኬይድን፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ያስፋፋችው በ2018 ነው፣ ኖርዘም ገቨርነር ሆኖ፣ ከጃንዋሪ 1፣ 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፣ ወደ 400 ሺህ ሰው ይጠቅማል ተብሎ ነበር የታሰበው፣ ከነዚያ አንዱ እሱ ነው። ያ ሕግ እንዴት እንዳለፈ ታስታውሳላችሁ? በ2017 ምርጫ ዲሞክራቶች የቨርጂኒያን የተወካዮች ምክር ቤት ሊይዙ ጫፍ ደርሰው አንድ ወረዳ እኩል በእኩል ሆነች፣ ከዚያ ሪችመንድ ውስጥ የሁለቱ ተወዳዳሪዎች ስም ሳህን ውስጥ ተከቶ ዕጣ ወጣ። ዕጣው ለሪፐብሊካኑ ነው የወጣው፣ ቢሆንም ሁለቱ ፓርቲዎች ያን ያህል ስለተቀራረቡ ለዓመታት የተዘጋው የሜዲኬይድ በር ተከፈተ፣ የተወሰኑ ሪፐብሊካኖችም አብረው ድምፅ ሰጡ። የታክሲ ነጂው መድኃኒት የመጣው ከዚያ ነው። ዋይት ሐውስ ያኔ ትራምፕ ነበር፣ ነገሩ ግን የተወሰነው ሪችመንድ ነው።

ማኮሊፍን አጠቆርኩ። በደስታ አልነበረም፣ እየመረረኝ ነው።

ያንግኪን አሸነፈ፣ ከ60 ሺህ በላይ በሆነ ድምፅ። በማግስቱ ፌስቡኩ ሁሉ "እኛ ነን የጣልናቸው" ሆነ። እኔ ይሄን አላምንም፤ ባይደን ከአንድ ዓመት በፊት በ10 ነጥብ ያሸነፈበት ስቴት የተገለበጠው በትምህርት ቤት ጉዳይ፣ በኮቪድ ድካም፣ ማኮሊፍ ክርክር ላይ ስለ ወላጆች በተናገራት አንድ ንግግር፣ በሌላም በሌላም ነው። የኛም ሰው ሁሉ በኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ አይደለም የመረጠው፣ በሃይማኖቱ ምክንያት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ምን እየተማረ ነው ብሎ የመረጠ ብዙ አለ፣ ሲርስ ከጃማይካ የመጣች ስደተኛ መሆኗ የሳበውም አለ፣ ያ መብቱ ነው፣ ከነሱ ጋር የምከራከረው በሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የማወራው ለባይደን መልእክት ልልክ ብሎ ስለመረጠው ሰው ነው።

ሪችመንድ ያለው ሰው ምን ይሠራል

መልእክቱ ደረሰ ወይ? አጎዋ አልተመለሰም። ጃንዋሪ 1፣ 2022 ኢትዮጵያ ወጣች። ጦርነቱም በቨርጂኒያ ምርጫ አልቆመም፤ የቆመው ልክ በዓመቱ፣ ኖቬምበር 2፣ 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም ነው፣ ያውም ስንት ሰው ካለቀ በኋላ። ከሁለቱም ወገን ስንቱ ስልክ እንደናፈቀ ሳይደወልለት ቀረ።

ገቨርነሩ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሠራ። ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር የሚያደርስ ሕግ በ2024ም በ2025ም ጠረጴዛው ላይ መጣለት፣ ሁለቱንም ጊዜ ቪቶ አደረገው። ሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ስለሚከፈል "ምን አገባን" የሚል ሰው ሰምቻለሁ፣ ግን ወደ ሪችመንድና ወደ ሮኖክ ወረድ ስትሉ የጋዝ ስቴሽን ካሸር፣ ሽማግሌ የምትጠብቅ ሴት፣ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ እናት ናት በ12 ዶላር የምትቆመው።

ሌላው፣ በ2023 ላይ የእስር ጊዜያቸውን የጨረሱ ሰዎች የመምረጥ መብታቸው በቀላሉ የሚመለስበትን አሠራር ለወጠው፣ እያንዳንዱ ሰው አመልክቶ በገቨርነሩ ፈቃድ ብቻ እንዲታይ ሆነ። ማኮሊፍ ቀደም ሲል ገቨርነር በነበረበት ጊዜ ከ170 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ነው የመለሰላቸው፣ ከሪፐብሊካኖች ጋር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተሸንፎ እንደገና አንድ በአንድ እየፈረመ። ይሄ እገዳ ከየት እንደመጣ ያላነበበ ሰው ያንብብ። የ1902ቱ የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ የተሰበሰቡት ሰዎች ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስወጣት እንደሆነ አልደበቁም፣ የምርጫ ግብር፣ የማንበብ ፈተና፣ ከዚያም በወንጀል የተፈረደበት ሰው እንዳይመርጥ የሚከለክለውን የቆየ እገዳ ማስፋት። ግብሩና ፈተናው በ1960ዎቹ ሄደ፣ ይሄኛው ግን አለ። የኛም ልጆች አሉበት። በአንድ ጥፋት ዕድሜ ልካቸውን ድምፅ ያጡ የሐበሻ ልጆች አሉ፣ ወላጆቻቸው ስለሚያፍሩ አናወራውም እንጂ።

ከሁሉም በላይ እኛን የነካን የ2024ቱ ነው። ኦገስት 7 ላይ፣ ለፕሬዚደንት ምርጫ ልክ 90 ቀን ሲቀር፣ የገቨርነሩ ትዕዛዝ ቁጥር 35 ወጣ። ዲኤምቪ፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ውስጥ "ዜጋ አይደለሁም" የሚል የተመዘገበበት ሰው ስሙ ወደ ካውንቲ ይላካል፣ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ በ14 ቀን ውስጥ ዜጋ ነኝ ብሎ ካልመለሰ ከመዝገብ ይሰረዛል። ወደ 1,600 ሰው ተሰረዘ። ፌደራል ሕጉ ምርጫ 90 ቀን ሲቀረው እንዲህ በጅምላ መሰረዝ ስለሚከለክል አንዲት የፌደራል ዳኛ ኦክቶበር 25 መልሱ አለች፣ ከአምስት ቀን በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገቨርነሩ ይቀጥል አለ። ከተሰረዙት መሃል ዜጎች ነበሩበት። ለእውነት ስል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በምርጫው ቀን እዚያው ተመዝግቦ መምረጥ ይቻላል፣ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ግን ይሄን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

አሁን አስቡት፣ ዲኤምቪ ውስጥ "ዜጋ አይደለሁም" ብሎ የሞላና ኋላ ዜጋ የሆነ ሰው ማነው? እኛ ነን እኮ! በግሪን ካርድ መጥተህ መጀመሪያ የምታወጣው ነገር መንጃ ፈቃድ ነው፣ ዜግነቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ራሴ ያንን ዜና የሰማሁ ማታ ኮምፒውተር ከፍቼ ስሜን ፈለግኩ፣ አለ። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመርኩ፣ ስማችሁን እዩ፣ የናታችሁንም እዩላቸው፣ ደብዳቤ ከመጣ አትጣሉት እያልኩ። አንዳንዱ "ዜግነቴን ሊነጥቁኝ ነው?" ብሎ ይደነግጣል፣ ወረቀት የሚፈራ ሕዝብ ነን፣ ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ለኛ ጥሩ ነገር ይዞ አያውቅም።

በ2021 አንድ ሰው የተናደደው ባይደን ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ስማቸው መኖሩን ለማየት የሚሯሯጡት ጎረቤቶቹ ናቸው።

ሐዋሳ

እዚህ ጋ ሲደርስ ዲሞክራት ወዳጆቼ ይጨበጭባሉ። አታጨብጭቡ፣ የናንተም አለ።

አጎዋ ክሊንተን በ2000 የፈረመው ሕግ ነው፣ ከአፍሪካ የሚመጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 የተከፈተው በዚያ ተስፋ ነው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገቡበት፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች። መነሻ ደሞዛቸው በወር ከ30 ዶላር ያነሰ ነበር፣ አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ከዚያች ላይ ቆርጠው ለታናሽ እህት ደብተር ይልካሉ። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚሸጠው ፒቪኤች ገና እገዳው ሳይጀምር፣ ኖቬምበር 2021 ላይ ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጦርነቱን ማን ጀመረ፣ ማን አዘዘ፣ ማን ገደለ ብትሉ እነዚያ ልጆች የሉበትም። ትግራይ ያለችውን የባልደረባዬን እናት ያስራበው የልብስ ስፌት ማሽን አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሆነው። የጦር አዛዦቹ ላይ፣ ባለሥልጣኖቹ ላይ በስም ማዕቀብ መጣል ይቻል ነበር፣ የሴፕቴምበሩ ትዕዛዝ ለዚያ ነበር የወጣው፣ ግን ከኢትዮጵያ በኩል አንድ ባለሥልጣን ስሙ ሳይነካ የሐዋሳዋ ልጅ ሥራዋን አጣች።

እኔ ሊበራል ነኝ የምለው ለዚህ ነው፣ ሌላ ጥልቅ ፍልስፍና የለኝም። ሰው ባላጠፋው አይቀጣ። በ2017 ከሰባት አገር የመጣ ሁሉ ሲታገድ ለሶማሌው ጎረቤቴ የጮህኩት በዚህ ነው፣ በጁን 2025 ኤርትራውያንና ሱዳኖች በጅምላ ሲታገዱም የጮህኩት በዚሁ ነው፣ እዚህ የተወለደ ሕፃን በወላጁ ወረቀት ምክንያት ዜግነት አይገባውም የሚለውን ትዕዛዝ ስሰማ ደሜ የሚፈላው በዚሁ ነው። እና ይሄ እምነት የኔ ፓርቲ ደብዳቤውን ሲጽፍ ሊጠፋብኝ አይችልም። በዚያ ኖቬምበር አንድም የማውቀው ነጭ ሊበራል ስለ ሐዋሳ ሲያወራ አልሰማሁም። ይሄ ያመኛል። የአህያ ባል የተባለውም በዚህ ነው፣ ጋሼ እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

ግን የእሳቸው መልስ ያው መንገድ መሆኑ ነው የማይዋጥልኝ። ባይደን አዲስ አበባን ሊቀጣ ብሎ ሐዋሳን መታ። እኛ ባይደንን ልንቀጣ ብለን ሮኖክ ያለችውን ካሸር፣ ፌርፋክስ ያለውን አዲስ ዜጋ መታን። ሁለቱም ሩቅ ላለ ኃያል ሰው የተወረወረ ነው፣ ሁለቱም የወደቀው ቅርብ ያለ ደካማ ሰው ላይ ነው።

ታዲያ የት ይጮህ

"እሺ፣ ዝም እንበል ነው የምትለው?" ይሉኛል። አይደለም! የውጭ ጉዳይ የሚነካበት ቦታ አለ፣ ኮንግረስ ነው። ያንን መንገድ ደግሞ እኛው ራሳችን ሄደንበታል። ኤፕሪል 10፣ 2018 የተወካዮች ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ውሳኔ ቁጥር 128ን አሳለፈ። ያቀረበው የኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን ክሪስ ስሚዝ ነው፣ የገፋው ደግሞ የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን፣ እሱም ሪፐብሊካን፣ ለምን ቢባል ኦሮራ ውስጥ ያለው የሐበሻ መራጭ ቢሮው ድረስ እየሄደ ዕረፍት ስለነሳው። ዲሞክራት ሆኜ ይሄን በአድናቆት ነው የምናገረው። እዚያ የሰጠኸው ድምፅ ስለ ኢትዮጵያ የሚወስን ወንበር ላይ ያለን ሰው ነው የሚነካው።

አርመኖችን ተመልከቱ። ባይደን ኤፕሪል 24፣ 2021 ላይ የ1915ቱን እልቂት ጄኖሳይድ ብሎ ሲጠራ፣ አንድ ገቨርነር በመጣል የመጣ አልነበረም፣ አሥርተ ዓመታት ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ ውስጥ ኮንግረስ ወንበሮች ላይ ተጣብቀው፣ በ2019 ሁለቱም ምክር ቤቶች ውሳኔ እስኪያሳልፉ ድረስ ሠርተው ነው። እኛ ጋ ደግሞ በ2021 በገዛ ወረዳችን ጄሪ ኮነሊ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አባል ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፣ በ2025 ሜይ ላይ አረፈ። የእኛ ሰው ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ከቢሮው በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? ለያንግኪን የተጮኸውን ያህል በ2022 ለኮንግረስ ምርጫ ሲጮኽ እኔ አልሰማሁም። ለምን እንደሆነ አስቤበታለሁ። ገቨርነር መጣል በአንድ ሌሊት የሚታይ ድል ነው፣ ኮሚቴ አባል ቢሮ መመላለስ ግን አሰልቺ ነው፣ ዓመታት ይወስዳል፣ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ነገር የለውም።

ዘንድሮ ደግሞ

ኖቬምበር 4፣ 2025 አቢጌል ስፓንበርገር በ15 ነጥብ ገደማ አሸነፈች። ጋዛላ ሃሽሚ፣ ሕንድ የተወለደች ሙስሊም ሴት፣ ምክትል ገቨርነር ሆነች። ውጤቱን ሳይ ጮህኩ፣ ልጆቹን ቀሰቀስኩ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ግን ሁሉም ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፣ "ትራምፕን አሳየነው!" ገባኝ እኮ። ዓመቱን ሙሉ የፌደራል ሠራተኛ ሲባረር የከረመበት አካባቢ ነው፣ ዩኤስኤይድ ፈርሶ ስንት የማውቀው ሐበሻ ሥራ አጥቷል፣ ምርጫው ራሱ የተካሄደው መንግሥት ተዘግቶ ሰው ያለ ደሞዝ እየሠራ ነው። ግን ሰማኋቸውና ውስጤ ቆም አለ። በ2021 ለባይደን መልእክት ነው ሲሉ የተከራከርኩት እኔ፣ ዘንድሮ ለትራምፕ መልእክት ነው ሲባል ልስማማ ነው? ጎኔ ስላሸነፈ ብቻ? አልችልም። የትራምፕም ስም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እሱም መልእክቱን አያነብም።

ስለዚህ ስፓንበርገርን የምጠብቃት በሪችመንዱ ሥራ ነው። ያንግኪን በፌብሩዋሪ 2025 የስቴት ፖሊስ ከአይስ፣ ከፌደራሉ የኢሚግሬሽን ፖሊስ፣ ጋር እንዲሠራ ያወጣው ትዕዛዝ 47 ይነሳ እንደሆነ። የ15 ዶላሩ ሕግ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ትፈርም እንደሆነ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሜዲኬይድ ለማግኘት የ10 ዓመት የሥራ ታሪክ ይጠየቅ የነበረው በ2021 ነው የተነሳው፣ ልጅ ልንጠብቅ ብለው የመጡ እናቶቻችን በዚያ ነው ሐኪም ያዩት፣ አሁን ዋሽንግተን ሜዲኬይድን እየቆረጠች ስለሆነ ያ እንዳይነካ። ይሄን ካላደረገች ዲሞክራት ናት ብዬ ዝም አልላትም።

የ1902ቱ ነገር ደግሞ ዕድል አግኝቷል። እስሩን ጨርሶ የወጣ ሰው የገቨርነር ፈቃድ ሳይለምን ወዲያው ድምፁ እንዲመለስለት የሚያደርግ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ2025 ጠቅላላ ጉባኤው አንድ ጊዜ አሳልፎታል፣ ሕጉ የሚለው ከምርጫ በኋላ የሚመጣው ጉባኤ ደግሞ ማሳለፍ አለበት፣ ከዚያ ለኛ ለመራጮች ይቀርባል። እዚያ ወረቀት ላይ የአንድም ፖለቲከኛ ስም አይኖርም፣ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። ጉባኤው በጃንዋሪ 2026 ይከፈታል። የወረዳችሁን ተወካይና ሴኔተር ስም ካላወቃችሁ አሁን ፈልጉት፣ ደውሉ፣ አማርኛ ብቻ የሚችሉ እናት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አስተርጉሙላቸው፤ እኔ ባለፈው ቅዳሜ ጀምሬያለሁ፣ ስልኩን የምታነሳው ልጅ ስማችንንና ዚፕ ኮዳችንን ብቻ ነው የምትጠይቀው።